ቨርጂኒያ ላይ ልጃችሁ ሊነዳ ነው? ፍርድ ቤት ሲጠሯችሁ አትደንግጡ

ባለፈው ከመጣ ገና ሁለት አመት ያልሞላው አንድ ወዳጄ ደወለና "ልጄን ፍርድ ቤት ጠሩት፣ እኔም እንድቀርብ ይላል፣ ምን አጥፍቶ ይሆን?" አለኝ፣ ደብዳቤውን በፎቶ ሲልክልኝ ሳቄ መጣ። እዚህ ከ18 አመት በታች ያለ ልጅ የመጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን የሚቀበለው ከዳኛ እጅ ነው፣ ወላጅም አብሮ ይቀርባል፣ ክስ ምናምን የለም።

እዛ እስኪደረስ ግን መንገዱ ረጅም ነው። በ15 አመት ከ6 ወር ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ መስሪያ ቤት) ሄዶ ፐርሚት፣ ማለትም የመለማመጃ ፈቃድ፣ ያወጣል፣ ቢያንስ 9 ወር በሱ ይቆያል፣ የመንዳት ትምህርቱን ይጨርሳል፣ ከዛ ውጪ 45 ሰዓት መለማመድ አለበት፣ 15ቱ ፀሐይ ከገባች በኋላ። ጎኑ የሚቀመጠው ራሱ መንጃ ፈቃድ ያለው መሆን ስላለበት አባት ገና ካላወጣ አጎት ይቀመጥ። ብዙ ሰው ኡበር ሲሰራ ውሎ ደክሞት ይገባና ሰዓቱን ሳያስነዳ "ነድቷል" ብሎ ይፈርማል፣ ኧረ ተዉ! እኔ የእህቴን ልጅ ያለማመድኩት ዊንተር ላይ ነው፣ በኛ 11 ሰዓት ሲል ስለሚጨልም ራት ሳይደርስ አንድ ሰዓት ነድተን እንመለስ ነበር፣ መጀመሪያ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ፣ እኔ የሌለ ፍሬን እየረገጥኩ።

ፈቃዱን ካገኘ በኋላም እስከ 18 አመቱ ገደብ አለው። ስልክ፣ በስፒከርም ቢሆን፣ እየነዳ አይነካም፣ ስለዚህ እናቶች "የት ደረስክ" እያላችሁ አትደውሉ። የመጀመሪያውን አመት ከቤተሰቡ ውጪ ከ21 አመት በታች የሆነ ሰው ከአንድ በላይ አይጭንም። በኛ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት መንዳት የለበትም፣ ግን ለስራ፣ ለድንገተኛ ነገር፣ ወይ ትልቅ ሰው ባለበት የሃይማኖት ፕሮግራም ሲሄድና ሲመለስ ይፈቀዳል፣ ማለትም የፋሲካ ሌሊት ከቤተክርስቲያን መመለስ ይችላል፣ የመዘምራን ጓደኞቹን ሁሉ ኋላ ወንበር ላይ አጭቆ ግን አይደለም።

ቲኬት ላይም አይቀልዱም፣ ነጥብ የሚያስይዝ ጥፋት መጀመሪያ ጊዜ ክሊኒክ የሚሉት ኮርስ ያስገባዋል፣ ሁለተኛው 90 ቀን ፈቃዱን ያሳጣዋል።

ሰርግ ላይ "ትንሽ ጠላ ቅመስ" የምትሉ አጎቶች ደግሞ፣ ከ21 በታች ለሆነ ነጂ ደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ገደቡ 0.02 በመቶ ነው፣ ከተያዘ አንድ አመት አይነዳም፣ ከሱ ጋር ቢያንስ 500 ዶላር ወይ 50 ሰዓት የነፃ አገልግሎት አለበት፣ ቁልፍ የያዘውን ልጅ ኮካ ስጡት።