«ሃይማኖቱ እንዲህ ይላል» ከማለት በፊት፦ ስለ ሴቶች ሲጻፍ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ስለ ሴቶችና ስለ ሃይማኖት የሚጻፍ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ገና ከመግቢያው ይበላሻል። አንዱ «ሃይማኖት ሴትን ይጨቁናል» ብሎ ይነሣል፤ ሌላው «እንደ እኛ ሃይማኖት ሴትን የሚያከብር የለም» ይላል። ሁለቱ ባላንጣ ይምሰሉ እንጂ የሚሰናከሉበት ድንጋይ አንድ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ጀማሪውም፣ ብዙ አንብቤያለሁ ባዩም ይሠራቸዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ሃይማኖቱ እንዲህ ይላል»

ሃይማኖት አፍ የለውም። የሚናገረው ወይ መጽሐፉ ነው፣ ወይ መጽሐፉን የፈታው የሕግ ሊቅ ነው፣ ወይ ደግሞ ሰዉ ከአያት ከቅድመ አያቱ የተቀበለው ልማድ ነው። እነዚህን ሦስት እርከኖች ሳይለይ የሚጽፍ ሰው ገጽ ይሞላል እንጂ ምንም አይነግረንም።

የሴት ልጅ ግርዛትን እንውሰድ። ትእዛዙ በመጽሐፍ ቅዱስም በቁርኣንም ውስጥ የለም። ልማዱ ከሁለቱም ሃይማኖቶች ይቀድማል፤ የሚፈጽሙትም እምነታቸው የተለያየ ሰዎች ናቸው። እዚህ የደረሰ ጸሐፊ ደስ ብሎት «እንግዲህ ባህል እንጂ ሃይማኖት አይደለም» ይልና ብዕሩን ያስቀምጣል። ይሄኛው ስህተት ከመጀመሪያው ይብሳል፤ እውነት ስለሚመስል። ሁለተኛውን እርከን ዘሎታል። የሕግ ሊቃውንቱ በጉዳዩ ላይ ጽፈዋል፤ ከእስልምና የሕግ ትምህርት ቤቶች (መዝሀቦች) አንዱ በሆነው በሻፊዒ መዝሀብ ግዴታ ነው ያሉ አሉ፣ ሌሎቹ መዝሀቦች በአብዛኛው ግዴታ አላሉትም፣ በዘመናችን ደግሞ የሚከለክሉ ሙፍቲዎች (የሃይማኖት ብይን ሰጪ ሊቃውንት) ተነሥተዋል። «ባህል ብቻ ነው» የሚል ቅስቀሳ ይዞ የሄደ ሰው፣ ያገሬው ሊቅ ኪታቡን ገልጦ ሲያሳየው መልስ ያጣል። ከዚያ በኋላ ማንም አይሰማውም፤ ሰው ፊት አላዋቂ ሆኖ ታይቷልና።

በህንድ ባሏ የሞተባትን ሴት ከአስከሬኑ ጋር የማቃጠል ልማድ፣ ሳቲ፣ በእንግሊዞች አገዛዝ ሥር በቤንጋል በ1829 ሲታገድ፣ ልማዱን በመቃወም ብዙ የተሟገተው ህንዳዊው ራም ሞሃን ሮይ ከሂንዱ መጻሕፍት እየጠቀሰ ነበር የሚከራከረው። ሦስቱን እርከን የለየ ሰው ክርክሩ ምን እንደሚመስል ከእሱ ይታያል።

የራስን መጽሐፍ ከሌላው ኑሮ ጋር ማወዳደር

ክርስቲያኑ «ወንድም ሴትም የለም» የሚለውን ገላትያ 3፥28ን ይጠቅስና ከሙስሊም አገር አንዲት የተበደለች ሴት ያመጣል። ሙስሊሙ መህር ለሙሽራዋ ለራሷ የሚከፈል ሀብት መሆኑን ይጠቅስና ክርስቲያን ነኝ በሚል አገር የምትደበደብ ሚስት ያሳያል። መጽሐፍ ከመጽሐፍ፣ ኑሮ ከኑሮ ጋር ይወዳደር። በቃ።

«በእስልምና ሴት የምትወርሰው የወንድን ግማሽ ነው»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከሚጽፉት ውስጥ አንድም ጊዜ ስሌቱን ሠርቶ ያየ ስንት አለ? እስቲ እንሥራው። መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ዕዳና ከሲሶ የማይበልጠው ኑዛዜ ይነሣል። የቀረው 24 እጅ ይሁን።

ሟቹ ሚስት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቷል እንበል። ልጆች ስላሉ ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 3 እጅ ትወስዳለች። የቀረው 21 ለሦስት ይከፈልና ወንዱ 14፣ ሴቷ 7 ይደርሳቸዋል። የታወቀው «ግማሽ» ይህ ነው፤ በቁርኣን በአን-ኒሳእ ምዕራፍ 11ኛው አንቀጽ ላይ የተነገረውም ስለ ወንድና ሴት ልጆች ነው። አሁን ደግሞ ሟቹ አባቱን፣ እናቱንና አንድ ወንድ ልጁን ትቶ ይሙት። አባት 4፣ እናትም 4፣ ልጁ 16። እናትና አባት እኩል ናቸው። በእናት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እኅቶችም እኩል ይካፈላሉ። ሟቿ ሴት ሆና ባሏንና አንዲት ሴት ልጇን ትታ ከሆነ፣ ባል ሩቡን፣ 6 እጅ ሲያገኝ ልጅቱ ግማሹን፣ 12 ታገኛለች።

ታዲያ ስሌቱን የተማረ ሰው ወዲያው ወደ ሌላኛው ጠርዝ ይሮጣል፦ «እንዲያውም ሴቷ ትበልጣለች!» አትበልጥም። ልጆች ባሉበት ባል ከሚስቱ ሩብ ሲወርስ፣ ሚስት ከባሏ የምትወርሰው ስምንተኛ ነው። ሊቃውንቱ ልዩነቱን የሚያስረዱት ሚስትንና ልጆችን የማስተዳደር ግዴታ፣ ነፈቃ፣ ወንዱ ላይ በመጫኑ ነው። ምክንያቱን መቀበልም መንቀፍም ይቻላል፤ ሳይጠቅሱ ማለፍ ግን አይገባም። ሦስተኛው እርከንም አይረሳ፤ ልጅቱ ያቺን 7 እጇን እንኳ «ለወንድሜ ትቼዋለሁ» እንድትል ዘመድ የሚጫንበት ቦታ ብዙ ነው። እዚያ የሚበድላት ልማዱ ነው፤ መጽሐፉ ከጎኗ ቆሟል።

አንዲት ጥቅስ መዝዞ መሮጥ

«ሴቶች በማኅበር ዝም ይበሉ»፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥34። በዚያው መልእክት 11፥5 ላይ ሴት ስትጸልይ ወይም ትንቢት ስትናገር ራሷን ትከናነብ ይላል። ዝም ያለች ሴት እንዴት ትንቢት ትናገራለች? ሊቃውንት ብዙ መልስ ሰጥተዋል፤ አንዳንድ ጥንታውያን ቅጂዎች ቁጥር 34ንና 35ን ከቁጥር 40 በኋላ ማስቀመጣቸውም የክርክሩ አካል ነው። አንዱን ቁጥር ጠቅሶ ሌላውን የሚደብቅ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ አንባቢውን እያታለለ ነው።

ትርጉምን እንደ ዋናው ጽሑፍ መቁጠር

ጀማሪዎች እዚህ ላይ ቢሳሳቱ አይፈረድባቸውም፤ የሚይዟቸው ወጥመዶች የቆዩ ናቸውና። በዘፍጥረት 2፥18 ሔዋን «ረዳት» ተብላለች። ዛሬ ረዳት ሲባል የሾፌር ረዳት በዓይናችን ይመጣል፤ ከአለቃው በታች ያለ ሰው። የዕብራይስጡ ቃል «ዔዜር» ግን በመጽሐፉ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው እግዚአብሔር ለሰው ስለሚሰጠው ርዳታ ነው። በቃሉ ብቻ ተመሥርቶ የበታችነትን መስበክ አይቻልም።

ሮሜ 16 ላይ ሁለት ሴቶች አሉ። ፌቤን በግሪኩ «ዲያቆኖስ» ተብላለች፤ በምሥራቁ ቤተ ክርስቲያን ሴት ዲያቆናት ስለነበሩ በ451 የተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ በ15ኛው ቀኖናው ከ40 ዓመት በታች ያለች ሴት እንዳትሾም ደንግጓል። ሁለተኛዋ በቁጥር 7 ያለችው ዩንያ ናት። ዮሐንስ አፈወርቅ ሴት መሆኗን ሳይጠራጠር ሐዋርያ ለመባል በመብቃቷ ተደንቆባታል። በ20ኛው መቶ ዘመን የታወቀው የአዲስ ኪዳን የግሪክ እትም ግን የወንድ ስም አድርጎ አተማት፤ በ1998 ሕትመት ወደ ሴትነቷ ተመለሰች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንዲት ፊደል አናት ላይ ያለች የድምፅ ምልክት ናት። የጥንቶቹ ብራናዎች ደግሞ ምልክቱን አይጽፉም ነበር።

መግደላዊት ማርያምም አለች፤ «ጋለሞታዋ»። ከአራቱ ወንጌሎች አንዱም ይህን አይላትም። ሉቃስ 8፥2 ሰባት አጋንንት እንደወጡላት ይናገራል፤ ከዚያ በፊት በምዕራፍ 7 ያለችው ኃጢአተኛ ሴት ስም የላትም። ሁለቱን ከቢታንያዋ ማርያም ጋር ደርቦ አንድ ሴት ያደረጋቸው የሮሙ ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ ነው፤ በ591 በሰጠው ስብከት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1969 የበዓላት መዝገቧን ስታስተካክል ለየቻቸው። ሰባኪው ግን አሁንም እንደያዘ ነው።

«ሒጃብ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ በቁርኣን 33፥53 መጋረጃ ማለት ነው፣ የራስ መሸፈኛው በ24፥31 የተጠቀሰው «ኺማር» ነው።

«እርኩስ» ሲባል «ኃጢአተኛ» ብሎ መስማት

በዘሌዋውያን 12 ወንድ የወለደች 7 እና 33፣ ሴት የወለደች 14 እና 66 ቀን ትቆያለች፤ 40 እና 80። በመጨረሻ የምታቀርበው መሥዋዕት «የኃጢአት» መባሉ አንባቢን ያሳስታል። ነገር ግን በምዕራፍ 15 ዘር የፈሰሰው ወንድም እስከ ማታ እርኩስ ነው፤ በዘኍልቍ 19 ሬሳ የነካ ሰው 7 ቀን ይረክሳል። እናቱን የቀበረ ልጅ ምን ኃጢአት ሠራ? ይህ ሲባል ሕጉ ለሴቷ አልከበዳትም ለማለት አይደለም፤ ሴት ልጅ ስትወለድ ቀኑ እጥፍ መሆኑን ማንም አይክደውም። በእስልምና የወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትሰግድም፣ አትጾምምም፤ ስትጸዳ ጾሙን ትከፍላለች፣ ሶላቱን ግን አትከፍልም። ይህን ዝርዝር ሳያውቁ ስለ «መገለል» መጻፍ አይበጅም።

«ፍቺ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?»

ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። ማን ይጀምረዋል? የማን ፈቃድ ያስፈልጋል? ማን ምን ይመልሳል? በአይሁድ ሕግ ፍቺ አለ፤ ነገር ግን «ጌት» የተባለውን የፍቺ ጽሑፍ የሚሰጠው ባል ነው። እምቢ ካለ ሴቲቱ «አጉና»፣ የታሰረች ትባላለች፤ የመንግሥት ፍርድ ቤት ቢያፋታትም በሃይማኖቱ ዘንድ አሁንም ባለትዳር ናት፣ ከሌላ ወንድ የምትወልደውም ልጅ ችግሩ ይተርፈዋል። በ1000 ዓመት ገደማ የአይሁድ ሊቁ ራቤኑ ጌርሾም ለአውሮፓ አይሁድ ያለ ሚስት ፈቃድ መፍታትን ከለከለ፤ የባልን እምቢታ ግን አልፈታውም። በእስልምና ባል ሚስቱን የሚፈታበት «ጠላቅ»፣ መህሯን መልሳ የምትለቀቅበት «ኹልዕ» እና በዳኛ የሚፈርሰው «ፈስኽ» ሦስት የተለያዩ በሮች ናቸው፤ አንድ አድርጎ መጻፍ ሴቲቱ የትኛው በር እንደተዘጋባት ይሰውራል።

አማልክቱ ሴት ከሆኑ ሴቶች ተከብረዋል ማለት

አይደለም። የሂንዱዋ አምላክ ዱርጋ በምትመለክበት ምድር፣ ጥንታዊው የሂንዱ መጽሐፍ የማኑ ሕግ ሴት በልጅነቷ ለአባቷ፣ በትዳር ለባሏ፣ ባሏ ሲሞት ለልጆቿ ትገዛ ይላል፤ ያው መጽሐፍ ሴቶች በተከበሩበት አማልክት ደስ ይላቸዋል ይላል።

«ቡድሂዝም ግን እኩል ነው»

የሩቅ ሃይማኖት ሁሌም ያምራል። በትውፊቱ መሠረት የቡድሃ አሳዳጊ አክስት ማሃፓጃፓቲ ለመመንኮስ የተፈቀደላት ስምንት ደንቦችን ተቀብላ ነው፤ የመጀመሪያው መቶ ዓመት የመነኮሰች ሴት እንኳ ዛሬ ለመነኮሰ ወንድ ትስገድ ይላል። ሙሉ ማዕርግ የምትቀበል ሴት በመነኮሳይያቱም በመነኮሳቱም ጉባኤ ማለፍ ስላለባት፣ በስሪላንካ በ11ኛው መቶ ዘመን ገደማ መነኮሳይያቱ ሲጠፉ ሰንሰለቱ ተበጠሰ፤ የምትሾም እንጂ የሚሾማት ጉባኤ አልነበረም። በ1996 እና በ1998 በህንድ በተደረጉ ሥርዓቶች፣ ሰንሰለቱ ባልተቋረጠባቸው የምሥራቅ እስያ መነኮሳይያት ርዳታ እንደገና ተቀጠለ። ታይላንድ ውስጥ ግን ሴትን ማመንኮስ የሚከለክለው የ1928 ትእዛዝ አለ።

ሴቶች ሁሉ አንድ ወገን የቆሙ ማስመሰል

በደቡብ ህንድ የሳባሪማላ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ከ10 እስከ 50 ዓመት ያሉ ሴቶችን አያስገባም ነበር። ጉዳዩን ያዩት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች አምስት ነበሩ፤ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2018 አራቱ እገዳው ይነሣ ብለው ፈረዱ። ከዚያ በኋላ እንግባ የሚሉ ሴቶችም፣ እስክናረጅ እንጠብቃለን የሚሉ ሴቶችም አደባባይ ወጡ። ከአምስቱ ዳኞች ሴት የነበረችው ኢንዱ ማልሆትራ ብቻ ናት፤ በልዩነት ቆማ እገዳው ይቀጥል፣ ፍርድ ቤት በእምነት ውስጥ ገብቶ ምክንያታዊነትን አይመዝን ያለችውም እሷ ናት።