ጀማሪ ረዳት መምህራንን እንዴት ማሰልጠንና መደገፍ ይቻላል

ሁለት ተማሪዎች የአጋማሽ ፈተና ወረቀታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሁለቱም ትክክለኛውን ቀመር ጽፈው፣ አራተኛው መስመር ላይ የመደመር ምልክቱን ወደ መቀነስ ቀይረው፣ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ላይ ደርሰዋል። ተኮራርጀው ይሆን ብዬ የመቀመጫ ዝርዝሩን ባየው የተፈተኑት በተለያየ አዳራሽ ነው። አንደኛው ከ20 ነጥብ 14 አግኝቷል፤ ሌላኛው 7። ወረቀቶቹን ያረሙት ሁለት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በረዳት መምህርነት ሲሠሩ የመጀመሪያ ሴሚስተራቸው ነበር፤ ሁለቱም ጎበዞች፣ ሁለቱም ሐቀኞች። ከእኔ የተቀበሉት ግን የመልስ ቁልፍ ብቻ ነበር። በዚያ ሳምንት ቅሬታ አቅራቢው ኮሪደሩን ሞላው፤ እኔም 240 ወረቀት እንደገና አረምኩ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበት መንገድ ይህ ነው።

ሥራውን በሰዓት ቆጥረው ይስጡ

ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት ረዳቱ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ በአንድ ገጽ ይጻፉለት። ሰዓቱን በግምት አይለፉት። በሳምንት 10 ሰዓት እንዲሠራ ከተስማማችሁ፣ 3ቱ ለመልመጃ ክፍለ ጊዜ፣ 2ቱ ለዝግጅት፣ 2ቱ ተማሪ ለማማከር ሲሄዱ ለእርማት የሚተርፈው 3 ሰዓት ነው። 60 የቤት ሥራ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ቢወስድ ደግሞ እርማቱ ብቻውን 10 ሰዓት ይፈጃል። ይህን ስሌት ያልሠራ መምህር ረዳቱን እንቅልፉን ወይም የመመረቂያ ጥናቱን እንዲሠዋ ፈርዶበታል። የቤት ሥራውን ቁጥር ይቀንሱ፣ አለዚያም ከ5 ጥያቄ 2ቱ ብቻ ይታረሙ።

በዚያው ገጽ ላይ ኩረጃ ሲጠረጥር ለማን እንደሚያሳውቅ (ራሱ ዳኛ እንዳይሆን)፣ የጓደኛውንና የዘመዱን ወረቀት እንደማያርም፣ የአንዱን ተማሪ ውጤት ለሌላው እንደማይናገር፣ የተጨነቀ ተማሪ ቢያጋጥመው ወዴት እንደሚልከው ይግባበት። ይህ ሁሉ በ1 ሰዓት ያልቃል። ሙሉ ቀን የሚፈጅ ገለጻ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ ከምሳ በኋላ ነቅቶ የሚገኘው ስላይዱን የሚቀይረው ሰው ብቻ ነው።

ከክፍል በፊት ባልደረቦቻቸው ፊት ያስተምሩ

«ማይክሮ ቲቺንግ» የሚባለው አጭር ልምምድ እ.ኤ.አ. በ1963 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በድዋይት አለንና በባልደረቦቹ የተጀመረ ነው፤ ዛሬም የሚስተካከለው አላገኘሁም። ረዳቱ ለ7 ወይም ለ8 ደቂቃ አንዲት ጽንሰ ሐሳብ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ተማሪ ሆነው ይቀመጣሉ፣ አንድ ሰው በስልክ ይቀርጻል። ለዚህ ውድ ካሜራ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ቀረጻውን መጀመሪያ ረዳቱ ብቻውን ይየው፤ ሌላው ሰው ከሚነግረው ግማሹን እዚያው ራሱ ይደርስበታል።

ሌላው ግማሽ ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ ጥያቄ ጠይቆ ራሱ መመለስ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና እንደሚሻሻል አሳይታለች። ለጀማሪ 3 ሰከንድ ዘላለም ነው። በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩ እላቸዋለሁ። አንዱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲቆጥር ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ሆኖም መልሱ የመጣው 4 ላይ ነው።

እርማቱን አብረው ይጀምሩ

ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው፤ እኔም ዘልዬው የደረሰብኝን ከላይ ነግሬያለሁ። የማረሚያ መስፈርት በጽሑፍ መስጠት ብቻውን በቂ ይመስላል፤ በተለይ ሒሳብ ነክ ትምህርት ላይ «መልሱ አንድ ነው፣ ምን ያከራክራል?» ይባላል። ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤሊየት እ.ኤ.አ. በ1913 ይህንኑ ፈትነው ነበር። አንድ የጂኦሜትሪ ፈተና ወረቀት ከ100 በላይ ለሆኑ መምህራን ልከው ቢያሳርሙ፣ ለዚያው ለአንዱ ወረቀት የተሰጠው ውጤት ከ100 ከ28 እስከ 95 ተዘረጋ። የመጨረሻው መልስ አንድ ቢሆንም ወደ መልሱ የሚወስደውን መንገድ እያንዳንዱ አራሚ በራሱ ሚዛን ይመዝነዋል።

ስለዚህ ወረቀቱን ከማከፋፈልዎ በፊት 5 ወረቀት ይምረጡ፦ አንድ በጣም ጥሩ፣ አንድ በጣም ደካማ፣ ሦስት መካከለኛ። ጠቡ ያለው መካከለኞቹ ላይ ነው። ስማቸውን ሸፍነው ለእያንዳንዱ ረዳት ያባዙ። ሁሉም በአንድ ክፍል ተቀምጠው፣ ሳይነጋገሩ ያርሙ፤ ነጥቡን ወረቀቱ ላይ ሳይሆን በተለየ ብጣሽ ይጻፉ። ሲጨርሱ ብጣሾቹ በአንድ ጊዜ ይገለጡ። የእርስዎ ነጥብ ከሁሉም በኋላ ይገለጥ። መጀመሪያ ላይ የእኔን ቀድሜ እናገር ነበርና ሁሉም ወደ እኔ ቁጥር ተጠጉ፤ የተስማማን መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ለካስ የተስማሙት ከመስፈርቱ ጋር ሳይሆን ከእኔ ጋር ነበር።

ልዩነቱ ሲታይ «ማን ትክክል ነው?» ብለው አይጠይቁ። «ነጥቡን የቀነስከው የትኛው መስመር ላይ ነው?» ይበሉ። ያኔ የተደበቁት ሕጎች ብቅ ይላሉ። አንዱ ረዳት ምልክት የተሳሳተበት ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀንሳል፤ ሌላኛው ስሕተቱ በተከተለበት መስመር ሁሉ ይቀንሳል። የእኔ 14 እና 7 የተወለዱት ከዚህ ነው። አንዷ ስሌት ሳያሳይ ትክክለኛ መልስ ለጻፈ ሙሉ ነጥብ ትሰጣለች፤ ሌላኛዋ ምንም። አንዱ የእጅ ጽሑፍ ሲዝረከረክበት ሳያውቀው ነጥብ ይሰስታል። በእያንዳንዱ ላይ ውሳኔ ይስጡና መስፈርቱ ላይ ይጨምሩት። ከዚያ ሌላ 3 ወረቀት አምጥተው ይድገሙ። ከ20 ነጥብ የሚለያዩት በ1 ብቻ ከሆነ እርማቱ ይጀመር፤ ከበለጠ ሦስተኛ ዙር ያስፈልጋል።

ሲያከፋፍሉ ደግሞ ክምሩን ሳይሆን ጥያቄውን ያካፍሉ፦ ጥያቄ 1ን በሙሉ አንድ ሰው፣ ጥያቄ 2ን በሙሉ ሌላ ሰው ያርም። ረዳቶች ይሰለቻቸዋል፣ ያጉረመርማሉም፤ እውነታቸውን ነው። በሚቀጥለው ፈተና ጥያቄ ይቀያየሩ እንጂ ወደ ክምር አይመለሱ። ጠረጴዛው መሐል አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ በመስፈርቱ ያልታሰበ ዓይነት መልስ ያገኘ ሰው ውሳኔውን ቁጥር ሰጥቶ ይጻፍበት፣ ሌላውም ከማረሙ በፊት ይየው። የእርማት ሶፍትዌሮች ነጥብ ለመደመር ደኅና ናቸው፤ ሁለት ሰዎችን አያስማሙም። ይህ ሁሉ ከሰዓት በኋላውን ይወስድብዎታል። እኔ 240ውን ወረቀት መልሼ ለማረም ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ክፍላቸው ይግቡ

በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ቀኑን አስቀድመው ነግረው፣ ኋላ ይቀመጡ። ያዩትን እንጂ የተሰማዎትን አይጻፉ። «ተማሪ አያሳትፍም» ከማለት «በ10ኛው ደቂቃ ጠየቀ፣ ወዲያው ራሱ መለሰ፤ በ25ኛው የግራው ረድፍ እስካሁን አልተጠየቀም» ይሻላል። በዚያው ቀን ይነጋገሩ፣ መጀመሪያ እሱ ይናገር፣ የሚታረመው ነገርም አንድ ብቻ ይሁን። ሰባት ነገር ይዤ የገባሁ ጊዜ ረዳቱ ሰባቱንም ጻፈ፣ አንዱንም አልሠራበትም።

ከቅሬታ ይከላከሏቸው

አንዲት ረዳቴን ፈተና በተመለሰበት ቀን ስምንት ተማሪዎች በር ላይ ከበቧት። ለመጀመሪያው 2 ነጥብ ጨመረች፤ ከዚያ ለሰባቱም መጨመር ግድ ሆነባት፣ በማግስቱ ሃያ ሰው መጣ። አሁን ደንቡ ወረቀቱ በተመለሰ ዕለት ቅሬታ አይቀበልም፤ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ በጽሑፍ፣ የትኛው መስመር እንደሆነ ተጠቅሶ፣ ለእኔ ይቀርባል። ረዳቱ በር ላይ ነጥብ የመቀየር ሥልጣን የለውም፤ ይህንንም ለተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ የምናገረው እኔ ነኝ። «እኔ አልችልም፣ ደንቡ አይፈቅድም» ማለት መቻል ለጀማሪ ትልቅ ዕረፍት ነው።

በየሳምንቱ 30 ደቂቃ ተገናኙ። አጀንዳው የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት የት ላይ እንደሚያደናቅፍ ይሁን። በመጀመሪያው ስብሰባ ደግሞ የራሳቸውን የፈተናና የጥናት ማስረከቢያ ቀን ይጠይቋቸውና በኮርሱ የጊዜ ሰሌዳ ላይ በቀይ ያክብቡት፤ ትልቁ ፈተና በዚያ ሳምንት ላይ እንዳይወድቅ።