የባሕር ዳር ዙሪያ ባቡር ስታቅዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሥራዬ የትራንስፖርት ዕቅድ ነው። በየዓመቱ የተመራቂ ተማሪዎችና የጀማሪ ፕላነሮች ረቂቅ እጄ ይገባል። ብዙዎቹ አንድ ሐሳብ ይዘው ይመጣሉ። ባሕር ዳርን ከመራዊ፣ ከሐሙሲት፣ ከወረታና ከጢስ ዓባይ ጋር በባቡር ማገናኘት ይፈልጋሉ። ሐሳቡን ከልቤ እደግፈዋለሁ። ጠዋት ወደ ባሕር ዳር መጥቶ ማታ ቤቱ የሚገባው ሰው እየበዛ ነው። ሚኒባስ ብቻውን አይችለውም። ግን ረቂቆቹ ውስጥ ያንኑ ስህተት ደጋግሜ ማየት ሰልችቶኛል። ስለዚህ ልጻፈው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ባሕር ዳር ዛሬ አንድ ሜትር ሐዲድ የላትም። ዳሬሰላም በ2005 ዓ.ም. የተመላላሽ ባቡር ስትጀምር ድሮ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ነበር። እኛ ከዜሮ ነው የምንነሳው። ለእነሱ ትንሽ የሆነ ስህተት ለእኛ ብዙ ቢሊዮን ብር ነው።

ጣናን መዞር

ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ካርታው ሲዘረጋ ጣና መሃል ላይ ቁጭ ብሏል፤ እርሳስ የያዘ እጅ በራሱ ጊዜ ይዞራል። ከባሕር ዳር ወረታ፣ ከወረታ ጎንደር፣ ከዚያ ጎርጎራ፣ ደልጊ፣ ቁንዝላ፣ ከዚያ ተመልሶ ባሕር ዳር። ክቡ ሲገጥም ያምራል። ገምጋሚም ያጨበጭባል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ጠዋት ከቁንዝላ ተነስቶ ጎርጎራ ሥራ የሚገባው ማን ነው?

የቀለበት መስመር የሚያዋጣው በቀለበቱ ላይ ያሉት ቦታዎች እርስ በርሳቸው ጉዳይ ሲኖራቸው ነው። በጣና ዙሪያ የሁሉም ጉዳይ ወይ ባሕር ዳር ነው ወይ ጎንደር። ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ጅምላ ሻጩ፣ የቀን ሥራው፣ ሁሉም እዚያው ነው። ስለዚህ እዚህ የሚያስፈልገው ወደ ከተማ የሚገባ ቀጥ ያለ መስመር ነው።

ደግሞ ጎንደርን ተመልከቱ። በአስፋልቱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቡሩ መቆሚያዎቹን ጨምሮ በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በቀን ስድስት ሰዓት ባቡር ላይ የሚያሳልፍ ሠራተኛ የለም። ያ የአገር አቋራጭ ባቡር ነው፤ ሌላ ባቡር፣ ሌላ ታሪፍ፣ ሌላ የጊዜ ሰሌዳ ይፈልጋል። የተመላላሽ ባቡር ድንበሩ በግምት አንድ ሰዓት ነው። በዚህ በኩል ወረታ ላይ ያበቃል። በወዲያ በኩል መራዊን አልፎ ዳንግላ አካባቢ ሲደርስ እየከበደ ይሄዳል።

ዳርቻውስ? ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ ረግረግ አለው፣ ደንገል አለው፣ ግልገል ዓባይ ደለሉን ይዞ የሚገባበት ቦታ አለ። ክረምቱ ሲወጣ ውሃው ከፍ ብሎ ወደ ማሳው ይጠጋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮው የሚጠበቅለት አካባቢ ሆኖ የተመዘገበውም በከንቱ አይደለም። እዚያ ላይ ድንጋይ ከምራችሁ ሐዲድ ስትዘረጉ ወፉም፣ ዓሣ አስጋሪውም፣ ታንኳ ሠሪውም ይጎዳል። የምታገኙት ተሳፋሪ ግን ጥቂት ነው።

የምዕራቡ ዳርቻ ሰው ይቅር እያልኩ አይደለም። ለእሱ ጀልባ አለው። ዘጌ ጀልባ ይደርሳል፤ ጎርጎራም ይደርሳል። የወደቡን መውጫ አስተካክሉ፣ ጀልባው የሚነሳበትን ሰዓት ቁርጥ አድርጉ፣ ከወደቡ ጣቢያው ድረስ የሚወስድ አውቶቡስ ጨምሩ። ይሄ ከሐዲዱ ጋር ሲነጻጸር ገንዘቡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የዘጌ ሰውም ልጆቹ እስኪያድጉ አይጠብቅም።

ሰው በሌለበት ሰዓት ሰው መቁጠር

አንድ ጎበዝ ወጣት የመራዊን መንገድ የተሳፋሪ ቆጠራ ይዞልኝ መጣ። ቁጥሩ ትንሽ ነበር። እንዴት ቆጠርክ ስለው መናኸሪያው በር ላይ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ አለኝ። በነጋታው ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት መሸንቲ መንገድ ዳር ወሰድኩት። ገና ጨለማው አልለቀቀም። ጀሪካን ሙሉ ወተት እግሯ ሥር ያስቀመጠች ሴት ቆማለች። ከጎኗ አካፋና ዶማ በገመድ ያሰሩ የቀን ሠራተኞች፣ ደብተር በፌስታል የጠቀለሉ ተማሪዎች፣ ነጠላዋን ጆሮዋ ድረስ የጠቀለለች አስተማሪ። ሚኒባሱ ሳይቆም ረዳቱ ወርዶ «ባሕር ዳር! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፤ ሦስት ሰው ያስገባል። ከመካከላቸው መናኸሪያ የሚረግጥ አንድም የለም። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መንገዱ ባዶ ሆነ። ልጁ የቆጠራ ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተና «እኔ የቆጠርኩት ዘመድ ጥየቃ የሚሄደውን ነው» አለኝ።

ትክክል ብሏል። ሰው የሚቆጠረው በሚሳፈርበት ቦታና በሚሳፈርበት ሰዓት ነው። በገበያ ቀን ብቻ አትቁጠሩ፤ ከገበያ ቀን ውጭም ብቻ አትቁጠሩ። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወር የተቆጠረ ቁጥር ጥናት ውስጥ አይገባም።

የማታውንም አትርሱ። የሱቅ ሠራተኛዋ የምትወጣው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሆነና የመጨረሻው ባቡር አንድ ሰዓት ላይ ከሄደ፣ እሷ ጠዋትም ባቡር አትሳፈርም። አንድ ባቡር ማታ ብትቀንሱ የጠዋቱ ተሳፋሪም አብሮ ይቀንሳል።

ነጠላ ሐዲድ ላይ ሕልም መጻፍ

በረቂቁ «ነጠላ ሐዲድ» ይላል፤ ሁለት ገጽ አልፎ «ባቡር በየ10 ደቂቃው» ይላል። ይሄ በሒሳብ አይሆንም። ነጠላ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት መተላለፊያ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። መተላለፊያዎቹ በ20 ኪሎ ሜትር ቢራራቁና ባቡሩ በሰዓት 60 ቢሄድ፣ ያንን ቁራጭ ለመጨረስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ከወዲያ የሚመጣው ተራው ይደርሳል፤ እሱም 20 ደቂቃ። ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ የምታገኙት ቢበዛ በየ40 ደቂቃው አንድ ባቡር ነው። ርቀቱን ወደ 10 ኪሎ ሜትር ስታወርዱት በየ20 ደቂቃው ይሆናል። ይሄም አንድም ባቡር ካልዘገየ ነው።

መጀመሪያ የጊዜ ሰሌዳውን ጻፉ። መተላለፊያው የት እንደሚሆን እሱ ይነግራችኋል። መተላለፊያ መቆጠቢያ ቦታ አይደለም። የባቡሩን ፍጥነት ከ100 ወደ 120 ለማሳደግ የምታወጡትን ገንዘብ መተላለፊያ ላይ አውሉት፤ ሠራተኛው የሚፈልገው ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ባቡር ነው።

ጣቢያውን ርካሽ መሬት ላይ መወርወር

በአዲስ አበባ የድሮው ባቡር ለገሃር፣ እከተማው ልብ ውስጥ ይገባ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ መስመር የመንገደኛ ጣቢያ ግን ለቡ ነው፤ ከዚያ መሃል ከተማ ለመድረስ ሌላ ጉዞ ያስፈልጋል። በዓመት ሁለቴ ድሬዳዋ ለሚሄድ ሰው ይሄ ይቻላል። በየቀኑ ለሚመላለስ ግን አይቻልም። ከባቡር ወርዶ ለባጃጅ ከባቡሩ የበለጠ የሚከፍል ሰው በሳምንቱ ወደ ሚኒባሱ ይመለሳል።

ካሳ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። ወሰን ማስከበር የስንቱን ፕሮጀክት ዕድሜ እንደበላም አውቃለሁ። ቢሆንም ባሕር ዳር ውስጥ ጣቢያው ከገበያው ወይም ከመናኸሪያው በእግር የሚደረስበት ቦታ መሆን አለበት። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ሰዉ ሳይክል ይነዳል። ጥላ ያለውና ጠባቂ ያለው የሳይክል ማቆሚያ ከጣቢያው ጋር አብሮ ይሳል። የባጃጅ ተራም እንዲሁ። ባጃጅና ሚኒባስን የሚያባርር ዕቅድ ራሱን ይጎዳል፤ ባቡሩን የሚመግቡት እነሱ ናቸው።

ሁሉንም መስመር በአንድ ድልድይ ማሳለፍ

የወረታው፣ የሐሙሲቱና የዘንዘልማው መስመር ሁሉ ዓባይን በአንድ ቦታ ሲሻገር አያለሁ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ እንዲጋሩ ተደርገው ነው። የጋራው ቁራጭ የሚችለውን ያህል ነው ሁለቱም የሚያገኙት። ጠርዝ ላይ ባቡር መጨመር ቢያስፈልግ መሃሉ አያስገባም። በሦስት መስመር ስትካፈሉት ደግሞ ለእያንዳንዱ ሲሶ ይደርሰዋል። ከድልድዩ ማዶ መቀየሪያ ጣቢያ አድርጉና ቅርንጫፎቹን በአውቶቡስ አገናኙ።

በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። ሰፊ ስለሆነ ብቻ ሐዲድ የሚስሉበት አሉ። ድልድይ ስፋቱ ብቻውን አይበቃም፤ የተሰላለትን ጭነት ነው የሚሸከመው። ባቡሩ የራሱ ድልድይ ያስፈልገዋል፤ ዋጋውንም ከመጀመሪያው ጻፉት።

ፎገራን እንደ ደረቅ ሜዳ ማየት

ከሐሙሲት እስከ ወረታ ያለው ሜዳ በበጋ ሲያዩት ለሐዲድ የተፈጠረ ይመስላል። በነሐሴ ሂዱና እዩት። ጉማራና ርብ ሞልተው ይወጣሉ፤ ሩዙ ውሃ ውስጥ ነው። ሐዲዱ ከፍ ብሎ አፈር ላይ ይሠራል ትላላችሁ። ያ አፈር በቂ መውጫ ከሌለው ግድብ ይሆናል፤ በላይ በኩል ያለው ገበሬ ቤቱ ይሰጥማል። ስንት ድልድይና ስንት ቱቦ እንደሚያስፈልግ ሰፈሩን ጠይቁ። ውሃው የት የት እንደሚያልፍ ሽማግሌዎቹ በጣት ያሳያሉ። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ደግሞ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ወይ አውጥታችሁ በሌላ ትተኩታላችሁ፣ ወይ በኖራ ታክሙታላችሁ። ዝም ብላችሁ ጠጠር ብታፈሱበት ሐዲዱ በየዓመቱ ይጣመማል።

ደብረ ታቦርን ከዚህ መስመር ጋር የሚያስሩም አሉ። ወረታ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ደብረ ታቦር 2,700። በ40 ኪሎ ሜትር መንገድ 900 ሜትር መውጣት ማለት ነው። በአማካይ በኪሎ ሜትር 22 ሜትር ያህል ዳገት ነው፤ ለባቡር ከባድ ነው። ሐዲዱ እየተጠማዘዘ ይረዝማል፣ ሰዓቱም አብሮ። ለጊዜው አውቶቡስ ይበቃዋል።

አጫጭሮቹ

አየር ማረፊያውን የመጀመሪያ መስመር አታድርጉት፤ አቡጃ በ2010 ዓ.ም. እስከ አየር ማረፊያ የሚደርስ ባቡር ከፍታ በ2012 ቆሞ፣ እንደገና የተነሳው በ2016 ነው።

መለዋወጫ የሌለበት የባቡር ግዢ ውል አትፈርሙ። አዲስ አበባ 41 ባቡር ገዝታ አብዛኛው ለዓመታት በመለዋወጫ እጥረት ቆሟል። የመጠገኛ ዴፖው፣ የቴክኒሻኑ ሥልጠናና የመለዋወጫው በጀት በዋናው ገጽ ላይ ይሁን።

ታሪፉ ወጪውን ይሸፍናል ብላችሁ አትጻፉ። የአዲስ አበባው ሲጀመር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ሰዉ የሚችለው ይሄን ነው፤ ቀሪውን ማን እንደሚደጉም ጻፉ።

የመሳፈሪያው ከፍታ ከባቡሩ ወለል ጋር እኩል ይሁን። ጀሪካን የያዘችውን ሴት አስቡ።

መሬቱን ለኋላ መተው

ሌጎስ የመጀመሪያ መስመሯን ከአሥር ዓመት በላይ ስትገነባ ቆይታ ሰው ያሳፈረችው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። እኛም ብንፋጠን ዓመታት ይፈጃል። በእነዚያ ዓመታት ከመሸንቲ እስከ መራዊ መንገድ ዳር ቤት ይሠራል፣ መጋዘን ይሠራል፣ ሆቴል ይሠራል። ዛሬ የእርሻ ድንበር የሆነው መሬት ያኔ ካሳው አይቻልም፤ ሰዉም ተነሺ ይሆናል። ስለዚህ ለድርብ ሐዲድ የሚበቃውን መሬት አሁኑኑ በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ አስምሩ። ባለይዞታውን ሰብስባችሁ ንገሩት፤ እስከዚያ ድረስ እንዲያርሰው ፍቀዱለት።

እስከዚያው በዚሁ መስመር ሰዓቱን የሚያከብር አውቶቡስ አስጀምሩ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ይጀምር፤ የማታው የመጨረሻው ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት አይነሳ። ፌርማታዎቹን ነገ ጣቢያ በሚሆኑት ቦታዎች ላይ ትከሉ። ሰው የማይቆምበትን ፌርማታ በስድስት ወር ውስጥ ታውቁታላችሁ፤ ምሰሶውን ነቅላችሁ ሌላ ቦታ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው።