«ላስወግደው» ሲባል የሚፈጸሙ ስህተቶች፦ በጎጃም ማሳና ቤት የቀረ ጥይት፣ ያልፈነዳ ተተኳሽ

ጎጃም ውስጥ መሬት ሲቆፈር የጦር ብረት መውጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከቡሬ፣ ከደምበጫና ከደብረ ማርቆስ ሲወጣ ጥሎት የሄደው አለ። የደርግ ጦር በየካቲት 1983 ዓ.ም. አካባቢውን ሲለቅ የተወው አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የሞርታር ቅምቡላ፣ የእጅ ቦምብ፣ የአርፒጂ ተተኳሽና በየጓሮው የተበተነ ጥይት ተጨምሮበታል።

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ ከክፋት የሚመነጩ አይደሉም። ሰው የሚጎዳው ነገሩን ከመንገድ ላንሳው፣ ልቅበረው፣ ላቃጥለው ብሎ ሲነሳ ነው። ማስወገድ የመከላከያ መሐንዲሶችና የሠለጠኑ የፈንጂ አምካኞች ሥራ ነው። ያገኘው ሰው ሥራ አለመንካት፣ ሌላው እንዳይነካው መከልከልና ማሳወቅ ብቻ ነው።

«ዝጓል፣ ሞቷል» ማለት

ሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ የሚወለዱት ከዚህኛው ነው። ገና ከሳጥኑ ያልወጣ ቅምቡላ በፊውዙ፣ ማለትም በሚያፈነዳው ክፍል፣ ውስጥ መቆለፊያ አለው። ሲተኮስ የሚደርስበት ከባድ ግፊት፣ የመድፍ ከሆነ ደግሞ በአየር ላይ መሽከርከሩ፣ ያንን መቆለፊያ ይከፍተዋል። ከዚያ በኋላ ፊውዙ የሚጠብቀው አንድ ምት ብቻ ነው። እንግዲህ ተተኩሶ ወድቆ ሳይፈነዳ የቀረ ማለት መቆለፊያው የተከፈተ፣ መርፌውና ሲመታ የሚቀጣጠለው ካፕሱል ፊት ለፊት የተፋጠጡበት ተተኳሽ ነው። ያስቀረው ምናልባት የጭቃው ልስላሴ ነው፤ ምናልባትም ትንሽ የተጣመመች ስፕሪንግ ናት። በክረምት ውኃ የጠገበ የጤፍ ማሳና ረግረግ የሚያከሽፈው የሚበዛውም ለዚህ ነው።

ዝገት የሚፈነዳውን ነገር አይገድለውም። የሚበላው ቀፎውን፣ ስፕሪንጉንና ማስያዣ ፒኑን ነው፤ ማለትም እንዳይፈነዳ ይዞት የነበረውን። የአርፒጂ ተተኳሽ አፍንጫው ላይ ሲመታ ወይም ሲጫን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክሪስታል አለው፤ ባትሪ ስላልሆነ በዕድሜ ብዛት አልቋል ማለት አይቻልም። ከጣሊያን ዘመን የቀረው ቅምቡላ የባሰበትም አለ። አንዳንዱ የተሞላው በፒክሪክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ ከመዳብና ከእርሳስ ጋር ለዓመታት ሲነካካ ከራሱ ይልቅ በቀላሉ የሚፈነዳ ጨው ይፈጥራል። በቤልጂየምና በሰሜን ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 ከተካሄደው ጦርነት የቀረ ቅምቡላ ዛሬም በየዓመቱ በገበሬዎች ማረሻ ይወጣል፤ መቶ ዓመት አልፎትም ሰው ይገድላል።

«ልጆች እንዳይነኩት» ብሎ ማንሳት

ሐሳቡ ደግ ነው፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ የቤተሰቡ ሐዘን ነው። ኤፍ-1 የሚባለውን የእጅ ቦምብ ልብ ብለን እንየው። እንደ በቆሎ ፍሬ በአራት ማዕዘን የተሸነሸነ፣ 600 ግራም የሚመዝን የብረት እንቁላል ነው። ጎኑ ላይ የተጠጋች ምላስ መሰል ብረት አለች፤ እሷን የያዛት ደግሞ ቀለበት ያለው ፒን ነው። ቀለበቱ የሌለው ቦምብ ጭቃ ውስጥ ቢገኝ፣ ያችን ብረት የያዛት ጭቃው ወይም ዝገቱ ሊሆን ይችላል። ሲነሳ ጭቃው ይረግፋል፣ ብረቷ ትፈናጠራለች፣ መርፌው ይመታል። ከዚያ ያለው ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ ነው። ፍንጣሪው እስከ 200 ሜትር ይደርሳል።

ስለዚህ ሲያዩት ባሉበት ይቁሙ። በመጡበት መንገድ፣ የራስዎን ዱካ እየረገጡ ይመለሱ፤ አንድ የተገኘበት ቦታ ሌላም ይኖረዋልና በአቋራጭ አይውጡ። ምልክት የሚደረገው ከራቁ በኋላ፣ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው፤ የድንጋይ ቁልል፣ ከዛፍ ላይ የታሰረ ቀይ ጨርቅ፣ መንገዱን የሚያግድ እሾህ ይበቃል። አጠገቡ ችካል መትከል፣ ድንጋይ መወርወር፣ በዱላ ማገላበጥ፣ በገመድ መጎተት ከማንሳት አይለይም። ስልክም ከራቁ በኋላ ይደውሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፊውዝ አጠገብ ስልክና ሬዲዮ መጠቀም አይገባም።

መቅበር፣ ሽንት ቤት ወይም ወንዝ ውስጥ መጣል

የተቀበረ ነገር ጎጃም ውስጥ ተቀብሮ አይቀርም። በጮቄ ግርጌ ባሉት ወረዳዎች አንድ ክረምት አዲስ ቦረቦር ይከፍታል። በጥርና በየካቲት የተፋሰስ ሥራ ሲወጣ ሕዝቡ ለእርከን ግማሽ ሜትር ያህል ይቆፍራል፤ በጥድፊያ፣ በዶማ፣ ጎን ለጎን ተሰልፎ። በመሸ ጊዜ በክንድ ጥልቀት የተቀበረ ቦምብ የሚገኘው ያን ቀን ነው፤ የቀበረው ሰው ምናልባት በቦታው የለም፣ ለማንም አልተናገረም።

ወንዝም እንዲሁ ነው። ጨሞጋ ወይም ብር ወንዝ ውስጥ የተጣለ ቅምቡላ በሙላት ተንከባሎ አሸዋ የሚወጣበት ዳር ያርፋል፤ የአሸዋ ዛቂው አካፋ ይመታዋል። ጣና ውስጥ የተጣለውን ደግሞ የዓሣ አጥማጅ መረብ ይይዘዋል። ውኃ የተዘጋ ቅምቡላን አያመክንም። ቀፎው ሲበሳ ደግሞ ቲኤንቲና አርዲኤክስ የሚባሉት ፈንጂ ሙሌቶች ወደ ውኃው ይወጣሉ፤ በተለይ አርዲኤክስ ከአፈር ጋር ስለማይጣበቅ በቀላሉ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይዘልቃል። ሽንት ቤት ውስጥ የተጣለ ቦምብ የሚጠብቀው ጉድጓዱ ሞልቶ የሚጠረግበትን ቀን ነው።

ማቃጠል

ባሩድ በእሳት ያልቃል የሚለው ግምት ለተበተነ ባሩድ ይሠራ ይሆናል፤ በብረት ለታፈነ ግን አይሠራም። የቅምቡላ ሙሌት የሆነው ቲኤንቲ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ታፍኖ ሲነድ የሚያመነጨው ጋዝ መውጫ ያጣና ቃጠሎው ወደ ፍንዳታ ይለወጣል። የክላሽ ጥይት እሳት ውስጥ ሲገባ እንደተተኮሰ አይበርም፤ ቀለሃው ግን ተቀዶ ስንጥሩን ይወረውራል፤ ዓይን የሚያጠፋው እሱ ነው።

ሆነ ብሎ ከማቃጠል ይልቅ ሳያውቁ ማቃጠል ይበልጥ ያሳስባል። አዊ ውስጥ፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ፣ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዝርያ ተቆርጦ እዚያው ማሳ ላይ ከሰል ይከሰላል። እንጨቱ ከመከመሩና አፈር ከመልበሱ በፊት ቦታው በዓይን በደንብ መታየት አለበት፤ ውጊያ የነበረበት ከሆነ ባለሙያ ሳያየው ከሰል አይከሰልበትም። የምንጥርና የገለባ ቃጠሎም እንዲሁ። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. በኢኳቶሪያል ጊኒ ባታ ከተማ የወታደር ካምፕ መጋዘን ፈንድቶ ከ100 በላይ ሰው ሲሞት፣ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ለእሳቱ በምክንያትነት ያነሱት የአጎራባች ገበሬዎችን የማሳ ቃጠሎና የመጋዘኑን ቸልተኛ አያያዝ ነበር።

ለቁራሌው መሸጥ፣ ለቀጥቃጭ መስጠት፣ ለዕቃ ማዋል

ነሐስ ዋጋ አለው፤ ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ባዶ የመድፍ ቀለሃ በብዙ ቦታ የትምህርት ቤት ደወል ሆኖ ያገለግላል። ባዶ መሆኑን ግን ከአፉ አይቶ መናገር አይቻልም፤ ከግርጌው ያልተመታ ካፕሱል ሊኖረው ይችላል፣ እሱም በመዶሻ ሲመታ ይፈነዳል። ያልተመታ ካፕሱል መሐሉ ለጥ ያለ ነው፤ የተመታው ጎድጎድ ያለ የመርፌ ምልክት አለው። ይህንን የምንጽፈው እየገለበጡ እንዲፈትሹ አይደለም፤ ከዓመታት በፊት የተሰቀለ ደወል ያላቸው ትምህርት ቤቶች ባለሙያ ጠርተው እንዲያሳዩት ነው።

የሞርታር ቅምቡላን እንደ ዘነዘና ወይም እንደ በር ማስደገፊያ ማስቀመጥ፣ ፊውዙን ለአሉሚኒየሙ ብሎ መፍታት፣ ቀጥቃጭ ወናፍ ላይ ማስገባት፣ እነዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸሙ ስህተቶች ናቸው። ቁራሌው የተቀላቀለ ብረት በከረጢት ሲረከብ፣ ከፍቶ ሳያይ መመዘን የለበትም። ክንፍ ያለው፣ ጫፉ የሾለ ወይም መሐሉ የከበደ ቁራጭ ካየ ከረጢቱን ሳያንቀሳቅስ ሰው ያርቅ፤ መልሶ ለሻጩ መስጠት መፍትሔ አይደለም።

ቲኤንቲ በ200 እና በ400 ግራም ጡብ ተሠርቶም ይገኛል፤ ቢጫ የልብስ ሳሙና ይመስላል። እጅ ያቀልማል፣ በቆዳ ይገባል፣ ጉበትና ደም ይጎዳል። እርሳሱን ለማውጣት ጥይት ማቅለጥም ስህተት ነው፤ እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ጭሱና አቧራው የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ የቀለጠበት ድስት ወደ ማዕድ ቤት ከተመለሰ ደግሞ ጉዳቱ ለቤተሰቡ ሁሉ ይተርፋል።

የቤት ጥይት ላይ የሚፈጸሙ

በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያለው መሣሪያ የሚይዝ ሰውም ጥይቱ እያረጀ ይሄዳል። የባሩድ ጠላቶች ሙቀትና እርጥበት ናቸው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥና ከምድጃ በላይ ያለ መደርደሪያ መጥፎ ቦታዎች ናቸው። በዓባይ በረሃ ሙቀት ደግሞ እርጅናው ይፈጥናል። ዝናብ የነካውን ጥይት ምጣድ ላይ ወይም ከእሳት አጠገብ ማድረቅ በጣም አደገኛ ነው። አረንጓዴ የነሐስ ዝገት የበላው፣ አፉ የላላ ወይም የተጨረመተ ጥይት መሣሪያ ውስጥ አይገባም።

ተተኩሶ የከሸፈ ጥይት ሲያጋጥም አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንደያዙ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚነሳ አለ። ያረጀውን ለቅሶ ወይም ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ ተኩሶ መጨረስም ማስወገድ አይደለም። የክላሽ ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የሚያርፈው በሌላ መንደር ጣሪያ፣ ገበያ ወይም አዝመራ ላይ ነው።

ያገኙትን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ማከማቸት

ሕዝብ አምጥቶ ያስረከበውን ቦምብ፣ ቅምቡላና ጥይት በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወይም በፖሊስ ጣቢያ ዕቃ ቤት ውስጥ መደርደር የከተማ ስህተት ነው። በመጋዘን ሥራ ፊውዝና ካፕሱል ከቅምቡላ ይለያሉ፣ አየር ሲያገኝ የሚነደው ፎስፈረስ ያለበት ለብቻው ይቀመጣል፣ ተተኩሶ የከሸፈ ደግሞ ጨርሶ መጋዘን አይገባም። አንዱ ሲፈነዳ ሌላውን ያስነሳልና። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የፈነዳው የጥይት መጋዘን 100 ያህል ሰው ገድሏል፤ መጋዘኑ ያለው ቤት በተሠራበት ሰፈር መካከል ነበር። ቀበሌው «አምጡ» ከማለት ይልቅ «ያለበትን ንገሩን» ማለት አለበት። ይህች አንድ ቃል ናት፤ ብዙ እጅ ታተርፋለች።

«ባለሙያ መጥቶ አፈነዳው» ብሎ መግባት

ሲመክን ሁሉም ላይፈነዳ ይችላል፤ ከጉድጓዱ ተወርውሮ የሚወጣም አለ። አምካኞች ራሳቸው ያቀዱት ፍንዳታ ከከሸፈ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይጠጉ ይቆያሉ። ልጆች ብረት ለመልቀም የሚሮጡት ግን ጭሱ ሳይበርድ ነው። ከየት እስከ የት እንደተፈተሸ ከአምካኞቹ በግልጽ ይጠየቅ፤ አንድ ቅምቡላ መነሳቱ ማሳው ጸዳ ማለት አይደለም።

ወደ ቆሰለው መሮጥ

ሁለተኛው ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። የቆሰለውን ከሩቅ ያናግሩት፣ እንዳይንቀሳቀስ ይንገሩት፣ ከቻለ በቀበቶ ወይም በነጠላ ከቁስሉ በላይ ራሱ አጥብቆ ይሰር። ወደ እሱ የሚገባው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ፎስፈረስ ያቃጠለው ቁስል አየር ሲያገኝ እንደገና ይነዳል፤ እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ በውኃ እንደራሰ ይቆይ።

ፈርቶ ዝም ማለት

«ከየት አመጣኸው» እባላለሁ የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ ብዙ ማሳ ሳይነገር የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ብቻዎን መናገር ከከበደዎ በሽማግሌ፣ በደብሩ አስተዳዳሪ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም በቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ በኩል ያስነግሩ። ሲናገሩ ቦታውን በቅርብ ካለ ምልክት ጋር፣ መልኩን፣ መጠኑን ከሚታወቅ ዕቃ ጋር እያነጻጸሩ (የጠርሙስ ያህል፣ የክንድ ያህል)፣ መቼ እንደታየና በምን ያህል ርቀት ቤት እንዳለ ይጥቀሱ። ፎቶ ለማንሳት አይጠጉ።

ባለሙያ እስኪመጣ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ክረምት ከገባ ደግሞ የድንጋይ ቁልሉን ጎርፍ ይወስደዋል፣ ሣሩ ቀዩን ጨርቅ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ማሳውን ለእኩል አራሽ የሰጡ ከሆነ በሬ ከመጠመዱ በፊት በአካል ወስደው፣ ከሩቅ ቆመው ያሳዩት፤ ከብት የሚጠብቀውን ልጅም አብረው ይውሰዱ።