ቶርኖ ላይ አንግል አልገጥም ሲል፦ ከፑሌጃ እስከ ሞርስ ቴፐር (ችግርና መፍትሄ)

ይሄ ግቢው ውስጥ ትንሽ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) ላለው ሰው ነው። ጊቡ (የስላይዱን ላላ የሚያጠብቀው ሽብልቅ) ላልቷል ወይ፣ ቱሉ (መቁረጫው) ተስሏል ወይ፣ ቻኩ (የሚሠራውን ብረት ይዞ የሚያዞረው) ይወላገዳል ወይ የሚለውን አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክት፦ ፑሌጃው (ቺንጋ የሚዞርበት ባለቦይ መዘውር) አዲስ ነው፣ ቺንጋው (የጎማ ቀበቶው) ግን ይንሸራተታል፣ ይጮኻል፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል

እኔ ጋ ከሁሉም በላይ የሚመጣው ይሄ ነው፣ በተለይ ከወፍጮ ቤት። ባለወፍጮው መጀመሪያ ቺንጋውን ይወቅስና አዲስ ይገዛል፣ ያው ነው። ከዛ ሞተሩን ወደ ኋላ ስቦ ቺንጋውን እንደ ክራር ይወጥረዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ደሞ የሞተሩ ኩሽኔታ ይጮኻል፣ አሁን ጥፋቱ የሞተሩ ሆነ። ፑሌጃውን ማንም አያየውም ምክንያቱም አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል።

ፑሌጃውን አውጡና የቦዩን ወለል እዩ። ወለሉ ተፈትጎ ካበራ ቺንጋው መሬት ነክቷል ማለት ነው። ቪ ቺንጋ የሚይዘው በሁለቱ ጎን ተሰክቶ እንጂ ታች ተኝቶ አይደለም። ወለሉ ካልነካ ደሞ ጎኖቹን እዩ፣ ጥሩ ፑሌጃ ላይ የቺንጋው ምልክት ጎኑን ሙሉ ነው የሚይዘው፣ ከታች ብቻ ወይ ከላይ ብቻ ከሆነ አንግሉ ስህተት ነው።

ምክንያት አንድ፦ "ቺንጋው 40 ዲግሪ ነው" ብሎ 40 መቁረጥ። ቺንጋው ሲታጠፍ የውስጥ ጎኑ ያብጥና አንግሉ ይጠባል፣ ስለዚህ ቦዩ ከ40 ማነስ አለበት። ኤ ሳይዝ (13 በ8 ሚሜ) ከሆነ ፑሌጃው እስከ 118 ሚሜ ድረስ 34 ዲግሪ፣ ከዛ በላይ 38። ቢ ሳይዝ (17 በ11) ከሆነ ድንበሩ 190 ሚሜ ነው። ዲያሜትሩ ቺንጋው ውስጥ ባለው የፒች መስመር (ሲታጠፍ ርዝመቱ የማይለወጠው) ላይ የሚለካው ነው እንጂ የፑሌጃው ጠርዝ አይደለም።

ምክንያት ሁለት፣ ዋናው፦ 34 የሁለቱ ጎን ድምር ነው!! ኮምፓውንዱ (ቱሉን የተሸከመው፣ በአንግል ዞሮ የሚታሰረው ትንሹ ስላይድ) የሚዞረው 17 ብቻ ነው፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ። አንድ ፑሌጃ መጥቶልኝ በየጎኑ 34 ተቆርጦ ጠቅላላ 68 ሆኗል፣ ቺንጋው ውስጡ ገብቶ ይንሳፈፋል፣ ሰውየው ደሞ ለጊዛው (ለካስት አይረኑ)፣ ለቶርኖው፣ ለቺንጋው፣ ለሞተር ጥገናው ሁሉንም ከፍሎ ጨርሷል። የቆረጠው ሰው "ስኬሉ 34 ይላል እኮ" ነው ያለው አሉ።

ምክንያት ሦስት፦ ዜሮው። አንዳንድ ቶርኖ ላይ ስኬሉ ዜሮ ሲል ኮምፓውንዱ ከአልጋው (ከቶርኖው ርዝመት) ጋር እኩል ነው የሚሄደው፣ አንዳንዱ ላይ ደሞ ከክሮስ ስላይዱ (አልጋውን አቋርጦ ከሚሄደው ስላይድ) ጋር። የፑሌጃ ጎን 17 የሚለካው ከክሮስ ስላይዱ አቅጣጫ ነው። የእናንተ ዜሮ የመጀመሪያው አይነት ከሆነ የምትፈልጉት 73 (90 ሲቀነስ 17) ነው፣ ትንንሾቹ ቶርኖዎች ላይ ደሞ ስኬሉ ብዙ ጊዜ 45 ወይ 60 ላይ ያልቃል። ሰዉ ያኔ ነው ግራ ገብቶት ዝም ብሎ 17 ላይ አስሮ ቪ ሳይሆን ሜዳ የሚቆርጠው።

መፍትሄው ሁለተኛ የዜሮ ምልክት ራሳችሁ ማድረግ ነው። አንድ ጊዜ ተሠርቶ እድሜ ልክ ያገለግላል፣ ለምን ሰው እንደማይሠራው አይገባኝም። ቻኩ ላይ ሰፊ ዲስክ እሰሩና ፊቱን በክሮስ ስላይዱ በደንብ አስተካክሉት። ዲስኩን ከቻኩ እንዳታወጡት! ኮምፓውንዱን በአይን ግምት ከክሮስ ስላይዱ ጋር እኩል አዙሩ፣ ቱል ፖስቱ (የቱሉ መያዣ) ላይ ዳያል ኢንዲኬተር (ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) እሰሩና ጫፉን የዲስኩ ፊት ላይ አስደግፉ፣ ከዛ በኮምፓውንዱ እጀታ ብቻ ወዲያና ወዲህ ውሰዱት። መርፌው እስከማይንቀሳቀስ ድረስ በጎማ መዶሻ ቀስ እያላችሁ አስተካክሉ። ሲቆም እሰሩት፣ ካሰራችሁ በኋላ እንደገና ለኩ። አሁን ስኬሉ የሚዞረው አካል ላይ ከሆነ ከዜሮው ፊት ለፊት የማይዞረው አካል ላይ ቀጭን መስመር ጫሩ፣ ስኬሉ የማይዞረው ላይ ከሆነ መስመሩ የሚዞረው ላይ ይሆናል። ከዚህ በኋላ 17 ማለት 17 ነው።

እሱም ቢሆን ለመነሻ ነው እንጂ ለመጨረሻ አይደለም። የርካሽ ቶርኖ ስኬል በአንድ ዲግሪ የተከፋፈለ ወፍራም መስመር ነው፣ አንዳንዱማ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ኢንዲኬተሩን እዛው ዲስክ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ (ዘንጉ ከአልጋው ጋር እኩል፣ ካዘነበለ ቁጥሩ ይዋሻል) ኮምፓውንዱን 20 ሚሜ ስትወስዱት ለ17 ዲግሪ 5.85 ሚሜ፣ ለ19 ዲግሪ (የ38 ግማሽ) 6.51 ሚሜ ማሳየት አለበት። አንድ ዲግሪ ከሳታችሁ ልዩነቱ 0.33 ሚሜ አካባቢ ስለሆነ በደንብ ይታያል። ለሌላ አንግልም ያው ነው፣ የሄደው ርቀት ሲባዛ የአንግሉ ሳይን። 20 ሚሜውን በእጀታው ቁጥር ሳይሆን በካሊበር ለኩ፣ የእጀታውን ላላ መጀመሪያ አንድ አቅጣጫ አዙራችሁ አውጡት። ወደ ሌላኛው ጎን ስታዞሩት ከዜሮ ጀምራችሁ እንደገና ለኩ፣ የስኬሉ ግራና ቀኝ እኩል ነው ብላችሁ እንዳታምኑ።

አቆራረጡ፦ መሀሉን በፓርቲንግ ቱል (በቀጭኑ መቁረጫ) እስከ ጥልቀቱ ክፈቱ፣ ከዛ ጎኖቹን በኮምፓውንዱ ብቻ። ኮምፓውንዱን ባዞራችሁ ቁጥር ቱል ፖስቱም አብሮ ስለሚዞር ቱሉን መልሳችሁ ቀጥ አድርጉት፣ አለዚያ ጀርባው ሌላውን ጎን ይልሰዋል። 34 ላይ የተሳለ አንድ ቱል ቀጥታ ልክተት የሚል አለ፣ ትንሽ ቶርኖ ላይ ይንቀጠቀጥና ጎኑ እንደ ሊማ ሆኖ ይወጣል፣ ቺንጋውን ይበላዋል።

መፈተሻውን ከላሜራ ሥሩ። በኮምፓስ 100 ሚሜ ራዲየስ ቅስት ሳሉ፣ ቅስቱ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ በቀጥታ 58.5 ሚሜ ለኩና ሁለቱን ነጥብ ከመሀሉ ጋር አገናኙ፣ 34 ዲግሪ ነው። ለ38 ደሞ 65.1። ከተማሪ ቤት ፕላስቲክ ፕሮትራክተር በብዙ እጥፍ ይሻላል።

ምልክት፦ ሲለካ ልክ ነበር፣ ሲታሰር ተበላሸ

የኮምፓውንዱ ብሎኖች ናቸው። ሮንዴላው ወይ የብሎኑ ጭንቅላት ድሮ የታሰረበት ቦታ ላይ ጉድጓድ ሠርቷል፣ ትንሽ ስታዞሩት ወደ ድሮው ይጎትተዋል። ወፍራም ጠንካራ ሮንዴላ ቀይሩ፣ ከሥር ያለውን የብረት ፍቅፋቂ ጥረጉ፣ በተለይ የጊዛ ዱቄት ከዘይት ጋር ተጋግሮ ይቀራል። ሁለቱን ብሎኖች እያፈራረቃችሁ ትንሽ ትንሽ እሰሩ፣ ኢንዲኬተሩ እዛው እያለ መርፌውን እያያችሁ። ከአንዳንድ አዲስ ቶርኖ ጋር የሚመጣው ብሎን ከቅቤ የተሠራ ይመስላል፣ አለን ኪይ ገብቶ ይዞርበታል፣ ሳይበላሽ በ8.8 (የብሎን ጥንካሬ ደረጃ ነው) ወይ ከዛ በላይ ቀይሩት።

ምልክት፦ የሠራሁት ሞርስ ቴፐር (ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ የሚይዝ ቀስ እያለ የሚቀጥን ሻንክ) ይወዛወዛል፣ ይወልቃል

በስኬል ሞክራችሁ ከሆነ መልሱ እሱ ነው። የሞርስ 2 ግማሽ አንግል 1 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ያንን በአይን የሚያይ ሰው የለም። ጥሩ ሻንክ ያለው ነገር በሁለት ሴንተር (ጫፋቸው የሾለ መያዣዎች) መሀል እሰሩ፣ ኢንዲኬተሩን በሴንተር ከፍታ አስደግፉ፣ ኮምፓውንዱ ሲሄድ መርፌው እስኪቆም አስተካክሉ። ናሙና ከሌለ ቀጥ ባለ ዘንግ ላይ 50 ሚሜ ሄዶ 1.25 ሚሜ። ሲያልቅ ርዝመቱን ሦስት መስመር በማርከር አስምሩበትና ሶኬቱ (ቴፐሩ የሚገባበት ቀዳዳ) ውስጥ ከትታችሁ ትንሽ ጠምዝዙ፣ ወፍራሙ ጫፍ ላይ ብቻ ከተፋቀ አንግሉ በዝቷል፣ ቀጭኑ ላይ ብቻ ከሆነ አንሷል።

ምልክት፦ ኮኑ ቀጥ አይልም፣ መሀሉ ይጎደጉዳል

ቱሉ ሴንተር ላይ (ከሚዞረው ብረት መሀል ጋር እኩል ከፍታ ላይ) አይደለም።

ምልክት፦ የፍላንጅ (ዙሪያውን የብሎን ቀዳዳ ያለው ዲስክ) ቀዳዳዎች የመጨረሻው አልገጥም አለ

በኮምፓስ ሲከፋፈል ትንሿ ስህተት እየተደመረች መጨረሻ ላይ ትወጣለች። የኮምፓሱ ክፍተት ዲያሜትሩ ሲባዛ፦ ለ5 ቀዳዳ 0.588፣ ለ6 0.5፣ ለ8 0.383። ዙሩን ሙሉ ሳትጨርሱ ፑንቶ (የቀዳዳውን ነጥብ) እንዳትመቱ። ከስፒንድሉ (ቻኩን ከሚያዞረው ዘንግ) ጋር የታሰረ ማርሽ ካለ ግን ጥርሱን ቆጥሮ መያዝ ይሻላል፣ 60 ጥርስ ከሆነ በየጥርሱ 6 ዲግሪ። ማርሹ ስፒንድሉ ላይ ያለው ራሱ ይሁን፣ በሌላ ማርሽ ተላልፎ የሚዞረው ላላ አለው። ደሞ ቁጥሩ እኩል ይካፈል! በ40 ጥርስ 6 ቀዳዳ ያወጣ ሰው አውቃለሁ፣ 7፣ 7፣ 6፣ 7፣ 7፣ 6 አድርጎ፣ ፍላንጁ እንደፈለገ ዞሮ አልገባለት ሲል ብሎኑን በመዶሻ ነው ያስገባው።

ባለማግኔቷ ዲጂታል አንግል መለኪያ እዚህ ቻኩን ለማዞር ትሠራለች። ኮምፓውንዱ ላይ ግን አትሠራም፣ በስበት ነው የምትለካው፣ ኮምፓውንዱ ደሞ ተኝቶ ነው የሚዞረው። "ተበላሸች" ብላችሁ አትመልሷት።

ቻኩን በእጅ እያዞራችሁ ስትከፋፍሉ ሶኬቱን ንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም። መብራት ሄዶ እያለ የምትሠሩ ከሆነ በተለይ፣ አሮጌ ቶርኖ ተራ ማብሪያ ስላለው መብራቱ ሲመጣ ራሱ ይነሳል፣ ማርሹን የያዘው ፒን ይሰበራል፣ ቻክ ኪይ እላዩ ላይ ከተረሳ ደሞ ይወረወራል። ቻክ ኪይ ቻኩ ላይ ትቶ ዞር የሚል ሰው የኔን ቶርኖ አይነካም፣ ጎበዝም ቢሆን።

ኮምፓውንዱን ሳትነኩ ቀጥ ያለ ዘንግ ቴፐር ሆኖ ከወጣ ይሄ ሁሉ አይመለከታችሁም፣ ቴልስቶኩን (ከቻኩ ፊት ለፊት ያለውን ደጋፊ) አስተካክሉ።