በድርን ከመዲና ደርሶ ለመመለስ

ሙስሊሞች ከመካው የቁረይሽ ጎሳ ጋር የተዋጉበት በድር ከመዲና 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሱብሒ (የንጋት) ሶላት በኋላ ወዲያው ውጡ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት በሐምሌ፣ ያውም በእኩለ ቀን ነበር። አሸዋው ላይ ጫማዬን ባወልቅ እግሬ ተጠበሰ! እናንተ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። ውሃ አትርሱ።

መጀመሪያ በጦርነቱ የወደቁት ሰማዕታት ስም የተጻፈበት ድንጋይ ጋ ቁሙ። 14 ስሞች አሉ። እዚያ የተቀበሩት ግን 13 ናቸው፤ ዑበይዳ ኢብኑል ሓሪሥ ቆስለው በመልስ ጉዞ ላይ ነው ያረፉት። መቃብሩ በአጥር ተከቧል፤ ከውጭ ሆናችሁ ሰላምታ አቅርቡ።

ቀጥሎ መስጂደል ዐሪሽ። በ624 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ጦርነት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዳስ የነበረበት ነው። ወደ 313 የሚሆኑ ሰዎች፣ 70 ግመልና ሁለት ፈረስ ብቻ ይዘው፣ 1000 ገደማ ቁረይሾችን ገጠሙ። እኔ እዚያ ስቀመጥ የማስበው የኛኑ ቢላልን ነው። መካ ላይ በጋለ አሸዋ አስተኝቶ፣ ደረቱ ላይ ቋጥኝ እያስጫነ ያሠቃየው ጌታው ኡመያ የተገደለው እዚሁ በድር ነው። አይቶ የጮኸበትም ራሱ ቢላል!

በድር አጠገብ ያለውን የአሸዋ ተራራ ለመጨረሻ አቆዩት። አሸዋ የሞላ ጫማ ይዞ መስጂድ መግባት ደስ አይልም።