የስፔን ዳንሰኛዋን በሌሊት ቀይ ባሕር ውስጥ ፈልጎ ስለማየት

በጠላቂዎች ዘንድ «የስፔን ዳንሰኛ» የምትባለው ዛጎል አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ ከቀይ ባሕር አንሥቶ እስከ ፓስፊክ ደሴቶች ድረስ ባሉት ሞቃት ውኃዎች ትገኛለች። ርዝመቷ 40 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ፣ አልፎም ሊበልጥ ስለሚችል በቀላሉ የምትታይ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ቀኑን በኮራል ስንጥቅና በድንጋይ ሥር ተሸሽጋ ስለምታሳልፍ፣ ሊያዩዋት ከፈለጉ ወደ ውኃው መውረድ ያለብዎት ከመሸ በኋላ ነው። ሥፍራውን ጠንቅቆ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይውረዱ፤ ባትሪም ሁለት ይያዙ።

ፍለጋውን ከምግቧ ይጀምሩ። የምትመገበው የባሕር ሰፍነግ በመሆኑ፣ ሰፍነግ የበዛበትን የኮራል ግድግዳ በባትሪ ቀስ እያሉ ይቃኙ። ቀይ ብርሃን በውኃ ቶሎ ስለሚዋጥ፣ ባትሪው በቅርብ እስኪያርፍባት ድረስ ደማቅ ቀለሟ አይገለጥም። በድንጋይ ላይ የተለጠፈ፣ እንደ ጽጌረዳ ዙሪያውን የተጠቀለለ ቀላ ያለ ጥብጣብ ካዩ እንቁላሏ ነውና አካባቢውን ሳይነኩ በደንብ ይፈትሹ።

ሲያገኟት የባትሪውን ብርሃን ወደ ጎን ዘወር ያድርጉና ጀርባዋን ይመልከቱ። ከፊት ሁለት ቀንዶች፣ ከኋላ ደግሞ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የበቀሉ የስንጥብ (የመተንፈሻዋ) ዘለላዎች ይታያሉ፤ ሳይንሳዊ ስሟ ሄክሳብራንከስ «ባለ ስድስት ስንጥብ» ማለት ነው። በዘለላዎቹ መካከል ቀለሟን የመሰለች ትንሽ ሽሪምፕ ተጠግታ ልትኖር ስለምትችል አይቸኩሉ። (ዝርያዋን ለሳይንስ ካስተዋወቁት ሁለት ጀርመናውያን አንዱ ኤድዋርድ ሩፔል፣ ኋላ ጎንደር ድረስ የዘለቀው ያው ተጓዥ ነው።)

ስትሳብ የካባዋን፣ ማለትም ጀርባዋን የሸፈነውን ሰፊ ቆዳ፣ ጠርዝ ወደ ላይ ጠቅልላ ነው። ስትደነግጥ ግን ጠርዙን ትዘረጋውና እንደ ሰፊ ቀሚስ እያርገበገበች ትዋኛለች፤ ስሟም የመጣው ከዚህ ነው። አንዳንድ አስጎብኚዎች ይህን ለማሳየት ከድንጋዩ አላቀው ወደ ላይ ይለቋታል። እኔ ይህን ከቶ አልደግፈውም፤ ለእኛ ጭፈራ የሚመስለን ለእርሷ ሽሽት ነውና። እንዲህ ያለ ግብዣ ቢቀርብልዎ እጅዎን አወዛውዘው እንቢ ይበሉ። በራሷ ፈቃድ ከተነሣች ግን መንገዷን ሳይዘጉ፣ ክንድ ያህል ርቀው ይከተሏት።

ፎቶ ሲያነሡ የፍላሹን ኃይል ይቀንሱ፤ አለዚያ ቀዩ ቀለም ዝርዝሩን ውጦ አንድ ወጥ ጨርቅ ያስመስላታል። ቀንዶቿና ስንጥቧ በአንድነት የሚወጡት ከጎኗ ዝቅ ብለው ሲያነሡ ነው።